እጃችን የሚናገረው አማርኛ፦ ውጭ አገር ሄደው ቋንቋ ለሚያስተምሩ

ሐዋሳ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ማስተማር ስጀምር ከመጀመሪያ ተማሪዎቼ አንዷ ጀርመናዊት ወጣት ነበረች። ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከፍቷት መጣች። «አከራዬን አስቀይሜያቸዋለሁ መሰለኝ» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ተነሥታ «እማማ፣ ውሃ መጥቷል?» ብላ ጠይቃቸዋለች። ሴትዮዋ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። የደነገጡ መሰላት። ደግማ ጠየቀች፤ አሁንም ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ሦስተኛ ስትጠይቃቸው ቆጣ ብለው «አዎ አልኩሽ እኮ ልጄ!» አሏት።

ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው። ሦስት ጊዜ «አዎ» ብለዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «አዎ»ን በመጀመሪያው ቀን ሳስተምር በፊደል የሚጻፈውን ብቻ አስተማርኩ። ቤት ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ በትንፋሽ የምንለው «አዎ»ም አማርኛ መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። እንዲህ ያለው ትንፋሽ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሰሜናዊ ስዊድንም ሰዎች ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ «አዎ» ይላሉ። ለእሷ ግን ድንጋጤ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አብረውኝ ከሠሩ ወጣት መምህራን አንዳንዶቹ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ታይላንድና ወደ ቻይና ሄደዋል። በውጭ ለሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች አማርኛ ለማስተማር የሄዱም አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ሁልጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ፦ «ቋንቋቸውን ባላውቅም በምልክት እንግባባለን።» በዚህ ጽሑፍ ልሞግት የፈለግኩት ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። ምልክት ቃል ሲያልቅብን የምናወጣው፣ የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው መጠባበቂያ አይደለም። እጃችንም፣ ቅንድባችንም፣ ከንፈራችንም የሚናገሩት አማርኛ ነው። አማርኛ የማያውቅ ሰው ደግሞ የእጃችንን አማርኛም አያውቅም።

ሁለት ዓይነት እጅ

እ.ኤ.አ. በ1941 ዴቪድ ኤፍሮን የተባለ ተመራማሪ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚኖሩ ጣሊያናውያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ሲነጋገሩ እጃቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ አጥንቶ አሳተመ። ጊዜው ናዚዎች የሰው እንቅስቃሴ በዘር ይወረሳል እያሉ የሚሰብኩበት ነበር። ኤፍሮን ያገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። አዲስ የመጡት እጃቸውን እንደየአገራቸው ልማድ ያንቀሳቅሳሉ፤ እዚያው አድገው ከአካባቢው ጋር የተቀላቀሉት ልጆቻቸው ግን የወላጆቻቸውን ልማድ ትተው ከሌላው አሜሪካዊ ጋር ተመሳስለዋል። እጅ አፍ የሚፈታው ባደገበት ሰፈር ነው።

ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የሰውነት እንቅስቃሴን በአምስት ከፈሉት። ለመምህር ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ቃልን የሚተካው ነው። ያለ ንግግር ብቻውን ይቆማል፤ ትርጉሙንም የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገድ ማዶ ላለ ሰው መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን ስናርገበግብ «ና» ማለታችን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ሁለተኛው ንግግርን የሚያጅበው ነው። «ዓሣው ይሄን ያህላል» ስንል እጃችን የሚለካው ርዝመት ከዚህ ይመደባል፤ ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩት ዓሣ ይሁን እንጨት አይታወቅም።

አጃቢው እጅ ከውስጣችን የሚመጣ ነገር ነው። ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን-ሜዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የማይችሉ ልጆች ሲናገሩ እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ አሳይተዋል። የሚያናግሩት ሰው ራሱ ማየት የማይችል ሲሆን እንኳ አልተዉም። ስለዚህ «ስድብ እንዳይሆንብኝ» ብሎ እጅን ኪስ ከቶ ማስተማር መፍትሔ አይሆንም፤ ይከብዳልም። አጃቢውን እጅ እንደ ልብ ተጠቀሙበት። በጥንቃቄ እንደ ቃል አንድ በአንድ መጠናት ያለበት ቃል ተኪው ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚነጋገሩበት የምልክት ቋንቋ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ እሱ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

አንድ ቁጥር ግን ማንሣት አለብኝ፤ ብዙ መምህራንን አሳስቷልና። በየሥልጠናው «ከመልእክታችን 55 በመቶው በሰውነት፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 7 በመቶው ብቻ በቃል ይተላለፋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ የጠየቁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው አንዲት ነጠላ ቃል ሲናገር ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ካልተስማሙ፣ ሰሚው «ይህ ሰው ወዶኛል ወይስ ጠልቶኛል» የሚለውን በየትኛው ይፈርዳል? ስለ ስሜት እንጂ ስለ ንግግር ሁሉ የተባለ አይደለም። ይህን ቁጥር አምኖ የሚሄድ መምህር ዋናውን ሥራ ለእጁ ጥሎ ቃሉን ችላ ይላል።

አንዱ እጅ፣ ብዙ አገር

አምስቱን ጣቶቻችሁን ጫፍ ለጫፍ ሰብስቡና ወደ ላይ አቁሟቸው። ይህን እጅ ወደ አፋችን ጠጋ ስናደርገው እኛ ዘንድ ምግብ ነው፤ «በላህ?»፣ «እንብላ»። ይኸው እጅ ጣሊያን ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዝ «ምን ማለትህ ነው?» ይሆናል። ቱርክ ውስጥ «ግሩም ነው!» ይላል። በግብፅ፣ በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ቆይ፣ ታገሥ» ነው። ቻይና ውስጥ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ብቻ ሲሰበሰቡ በብዙ ቦታ ሰባት ቁጥር ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ የምታስተምሩ፣ ጥያቄ የጠየቃችሁት ተማሪ ይህን እጅ ቢያሳያችሁ እያሰበ ነው፤ ጊዜ ስጡት። የማያውቀው ሰው ግን የሚዛትበት ሊመስለው ይችላል።

ቁጥርን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ በኋላ ለሥራ የመጡ ቻይናውያን ተማሪዎች ነበሩኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጥር እንዲለማመዱ ሁለቱን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይዣቸው ሄድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠባበቃሉ፣ ሰዉ ይጫጫል። አንደኛው ቆሮሶ ሊገዛ ፈለገና በጫጫታው ድምፁ እንደማይሰማ ስላወቀ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ አሳየ። ዓሣ ሻጩ ልጅ ሁለት ዓሣ አነሣ። ተማሪዬ ራሱን ነቀነቀና ያንኑ እጅ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ደግሞ አሳየው። ልጁ «አነሰብህ?» ብሎ ሁለቱን መለሰና ከታች ጎርጉሮ ሌሎች ሁለት ትልልቅ አወጣ። ተማሪዬ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አልገባኝም። ሁለተኛዋ ተማሪዬ ናት ከኋላ «ስምንት! ስምንት ዓሣ!» ብላ የጮኸችው።

ቻይናውያን ከአንድ እስከ አሥር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ ስምንት ነው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ ደግሞ ስድስት፤ እኛ ይህን ብናይ «ደውልልኝ» የተባልን ይመስለናል። ጀርመኖች ቁጥር የሚጀምሩት ከአውራ ጣት ስለሆነ ለእነሱ የተማሪዬ እጅ ልክ እንደ ዓሣ ሻጩ «ሁለት» ነው። ጃፓኖች ደግሞ ከተዘረጋ መዳፍ ይጀምሩና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ መጀመሪያ የምትታጠፈው አውራ ጣት ናት።

መምህር በቀን ውስጥ ጣቱን ቁጥር ለማሳየት ስንት ጊዜ ያነሣል? «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ»፣ «ገጽ አምስት»፣ «አምስት ደቂቃ ቀራችሁ»። ግሪክ ውስጥ አምስት ጣት ዘርግቶ መዳፍን ወደ ሰው ፊት መግፋት ከባድ ስድብ ነው፤ «አምስት ደቂቃ» ማለት ከፈለጋችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ተማሪው አዙሩ። እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሌባ ጣትንና መሐል ጣትን ዘርግቶ የእጅን ጀርባ ወደ ሰው ማዞር ስድብ ነውና «ሁለት» ስትሉ መዳፋችሁ ወደ ተማሪው ይሁን። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያን ሲጎበኙ ከመኪናቸው ውስጥ ሆነው የድል ምልክት ያሳዩ መስሏቸው ያሳዩት ያንን የተገለበጠውን ነበር። በፕሮቶኮል አማካሪ የተከበበ መሪ ያልዳነበት ስሕተት አንድ መምህር ላይ ቢደርስ ሊያፍርበት አይገባም፤ ይቅርታ ጠይቆ ይቀጥላል።

ደግነቱ ስድብ የሆነ ምልክት ወዲያው ይታወቃል። ክፍሉ ይስቃል ወይም ይደነግጣል፣ አንዱ ተማሪ ቀርቦ ይነግራችኋል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ማንም ሳያውቀው ለወራት የሚቀጥለው ነው፤ ተማሪው «አዎ» ሲል መምህሩ «አይ» ብሎ የሚሰማው።

ቡልጋሪያ ውስጥ ራስን ወደ ጎንና ወደ ጎን ማወዛወዝ «አዎ» ነው፤ ራስን ወደ ላይ ቀና ማድረግ «አይ»። «ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ መምህር ክፍሉ ሁሉ ራሱን ሲያወዛውዝ አይቶ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ሊደግመው ነው። ሕንድ ውስጥ ራስን ወደ ትከሻ ዘንበል ዘንበል ማድረግ እንደ ሁኔታው «እሺ»፣ «ገባኝ»፣ «እየሰማሁ ነው» ይሆናል። እኛ ግን የማመንታት ይመስለናል። ግሪክና ቱርክ ውስጥ «አይ» የሚባለው አገጭን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም ምላስን ከላይኛው ጥርስ ጋር «ጭ» በማድረግ ነው። አስቡት፤ የእኛ «አዎ» ቅንድብን ከፍ ከማድረግ ጋር አገጭን ትንሽ ቀና ያደርጋል። ኢስታንቡል ያለ ተማሪ «አይ» ሲል ኢትዮጵያዊው መምህር «አዎ» ሊያነብ፣ መምህሩ «አዎ» ሲልም ተማሪው «አይ» ሊያነብ ይችላል። እንዲህ ላሉ ክፍሎች የምመክረው አንድ ነው። «ገባችሁ?» ብላችሁ ራስ እንዲነቀነቅላችሁ አትጠብቁ። የገባው ተማሪ የሚሠራው፣ ያልገባው የማይሠራው ጥያቄ ጠይቁ።

ስለ «ጭ» ካነሣን ከንፈር መምጠጥንም ላንሣ። እኛ ሰው ሲቸገር ስናይ ከንፈራችንን እንመጣለን፤ «እኔን!» የማለት ያህል ነው። በካሪቢያን አገሮችና በብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ግን ጥርስን እንዲህ መምጠጥ ንቀትና ብስጭት ነው። ተማሪ አያቱ መሞታቸውን ሲነግራችሁ ከአንጀታችሁ አዝናችሁ ከንፈራችሁን ብትመጡ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ከልጅነት ጀምሮ የገባብንን ነገር ሙሉ በሙሉ ማቆም አይቻል ይሆናል። አስቀድሞ ለተማሪዎች «በእኛ አገር ይህ የሐዘን ድምፅ ነው» ብሎ መንገር ግን ይቻላል፤ ጥሩ የትምህርት ርእስም ይወጣዋል።

እጅም ይረባል

አማርኛ ስናስተምር «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ» ብለን ግሱን እናረባለን፤ ና፣ ነይ፣ ይምጡ፣ ኑ። እጃችንም አብሮ እንደሚረባ ግን አንናገርም። ለልጅ «ና» ስንል የአንድ እጅ ጣት ማርገብገብ ይበቃል። «ይግቡ» ግን መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ አንገት ዝቅ ብሎ፣ ሰውነት ከበሩ ገለል ብሎ ነው። አንድ እንግዳ ተማሪ ለሽማግሌ «ይቀመጡ» እያለ በሌባ ጣቱ ወንበሩን ቢያሳያቸው ቃሉ ልክ ነው፣ እጁ ግን «ተቀመጥ» ብሏል። ይህ የሰዋስው ስሕተት ነው፤ እንደ ሰዋስው ስሕተት ቆጥሬ አርመዋለሁ።

ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው የማስተማሪያ ዘዴ ለዚህ ሁነኛ ነው። መምህሩ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ተማሪው ሳይናገር በሰውነቱ ይፈጽማል፤ ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ በሩን ክፈት። ለአማርኛ ስጠቀምበት አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ተማሪው ትእዛዙን ሲሰጥ እጁ ከግሱ ጋር እንዲስማማ። «ተነሺ» እና «ይነሡ» በአንድ እጅ አይባሉም።

ይህን የእጅ አክብሮት ይዘን ስንሄድ ቤታችን የምንሆንባቸው አገሮች አሉ። ለትልቅ ሰው ዕቃ ስንሰጥ ግራ እጃችን የቀኝ ክንዳችንን ደገፍ ያደርጋል፤ ኮሪያ ውስጥም እንደዚያው ነው። መዳፍን ወደ ታች አድርጎ መጥራት ጃፓንም ፊሊፒንስም የታወቀ ነው፤ ፊሊፒንስ ውስጥ በሌባ ጣት መጥራት ለውሻ ነው። አሜሪካዊ ግን የእኛን «ና» ሲያይ «ሂድ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። በዓረብ አገሮችና በሕንድ በግራ እጅ ማቀበል እንደ እኛው ነውር ነው። ግራኝ የሆናችሁ ሰሌዳ ላይ በግራችሁ መጻፉ ምንም አይደለም፤ የፈተና ወረቀት ስትመልሱ ግን ክምሩን በግራ ይዛችሁ በቀኝ ስጡ። ዓረብ አገር እግር አነባብሮ ሲቀመጡ የጫማ ሶል ወደ ሰው እንዳይዞርም አስተውሉ።

ታይላንድ ለሚሄዱት ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ራስ የሰውነት ክቡር ክፍል ነው፣ እግር ዝቅተኛው። እኛ ጎበዝ ልጅን ራሱን ዳበስ አድርገን ነው «ተባረክ» የምንለው፤ እዚያ ራስ አይነካም። ወለል ላይ የተቀመጠ ቦርሳ በእግር ገፋ አይደረግም፣ በእግር ወደ ሰው አይጠቆምም። ጃፓን ደግሞ «እኔ» ሲሉ ወደ አፍንጫቸው ይጠቁማሉ፤ ደረታችሁን እየነካችሁ «እኔ» ብላችሁ ስታስተምሩ ደረት የሚል ቃል የተማሩ እንዳይመስላቸው ሁለት ሦስት ሰው እያቀያየራችሁ አሳዩ።

ዓይን ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይፈልጋል፤ የብዙ ኢትዮጵያዊ መምህር ቅሬታ ከዚህ ሲነሣ ሰምቻለሁና። ቋንቋችን ራሱ አክብሮትን ያስቀመጠው ዓይን ላይ ነው። የሚያፍረውን «ዓይነ አፋር»፣ የማያፍረውን «ዓይን አውጣ» እንላለን። ሲገሠጽ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ የተቀጣ ልጅ ነው። ጀርመን ወይም አሜሪካ ያደገ ተማሪ ግን ሲገሠጽም ዓይናችሁን እያየ ነው የሚሰማችሁ፤ እንዲህ ነው የተማረው። ዓይኑን ቢሰብር ነው እዚያ «እየዋሸ ነው፣ አይሰማኝም» የሚባለው። ልጁ ሳይደፍራችሁ ደፈረኝ ብላችሁ እንዳትቀየሙ። ወላጆች ኢትዮጵያውያን ሆነው ልጆቹ እዚያ ያደጉበት ክፍል ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ዓይን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። የጀርመን ተማሪ መልስ ሲያውቅ ሌባ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ ያነሣል፤ እጁን ሙሉ አይዘረጋም። «እጅ አውጡ» ስንል የለመድነው የጣት ማንጫጫትና «እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር» እዚያ የለም፤ ክፍሉ ቀዝቅዞ አይደለም።

ስለ ርቀት ብዙ አልልም። ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ከ45 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ያለውን የቅርብ ሰዎች የመነጋገሪያ ርቀት ብሎ ሲለካ ያየው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎችን ነው፤ የዓለም ሕግ አይደለም። ተማሪው ወደ ኋላ ከሸሸ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ አትከተሉት።

ክፍል ውስጥ የሚሠራ እጅ

እስካሁን ያወራሁት እንዳንሳሳት ነው። እጅ ግን ሥራ ይሠራል።

ካሌብ ጋቴኞ እስክንድርያ ግብፅ የተወለደ የሒሳብና የቋንቋ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በተባበሩት መንግሥታት በኩል ኢትዮጵያ መጥቶ የአማርኛ ንባብን በቀለማት እያገዙ የማስተማር ሙከራ አድርጓል። በኋላ ስሙ የታወቀው መምህሩ እምብዛም የማይናገርበትን የማስተማሪያ ዘዴ በመፍጠሩ ነው፤ በዚያ ዘዴ የመምህሩ ጣቶች ብዙ ሥራ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ጣት አንድ ቃል ይሆናል። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ትክክለኛውን አይነግረውም፤ ስሕተቱ ያለበትን ጣት ነካ ያደርጋል፣ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያርማል።

እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ይህ ቀላል ነው። «ሺ ጎ ቱ ማርኬት» ያለ ተማሪ ሁለተኛዋን ጣት ስትነኩ «ጎዝ» ይላል። አማርኛ ላይ ስሞክረው ግን ተቸገርኩ። ተማሪዬ «እኔ ትናንት ወደ ገበያ ሄደ» አለች። አምስት ቃል፣ አምስት ጣት። ትንሿን ጣቴን ነካሁ። «መጣ» አለች። «አይደለም» አልኩና ደግሜ ነካሁ። «ሮጠ» አለች። ቃሉ ትክክል አይደለም ያልኳት መስሏት ሌላ ግስ ትፈልጋለች። ለካ አማርኛ ማን እንደሄደ የሚናገረው በግሱ ጭራ ነው፣ ጣት ሙሉውን ቃል ነው የሚያሳየው። ከዚያ በኋላ የጣቴን አንጓዎች መጠቀም ጀመርኩ። የጣቱ ሥር «ሄድ»፣ የጣቱ ጫፍ «ኩ»። ጫፉን ብቻ ስነካ ገባት፤ «ሄድኩ!» አለች። «አልሄድኩም» ደግሞ ለሦስቱ አንጓ የተሠራ ይመስላል፤ «አል» አንዱ፣ «ሄድኩ» አንዱ፣ «ም» ጫፉ ላይ። ተማሪዎች ሁሉ የሚረሷት «ም» ስለሆነች ጫፏን ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃኛል።

ጣት ስትቆጥሩ ተማሪው ከፊት ለፊት ሆኖ እንደሚያይ አትርሱ። ግራ እጃችሁን መዳፉን ወደ ተማሪው አድርጋችሁ ብታነሡ አውራ ጣታችሁ ለተማሪው በግራ በኩል ይታየዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ያነበዋል። በዓረብኛ ማንበብ ለለመዱ ልጆች ግን ቅደም ተከተል የሚታሰባቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ጠይቋቸው።

ጊዜን በእጅ ማሳየት ላይ ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ። እንደ ብዙ መምህር ያለፈ ጊዜን ስናገር በአውራ ጣቴ ከትከሻዬ ወደ ኋላ፣ የሚመጣውን ስናገር በእጄ ወደ ፊት አሳይ ነበር። «ከሁለት ዓመት በፊት» እያልኩ ወደ ኋላዬ። ጀርመናዊቷ ተማሪዬ እጇን አወጣችና የራሷን ፊት ነክታ «ፊት እዚህ ነው። ለምን ወደ ኋላ ነው የሚያሳዩት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። አማርኛ የሚመጣውን ጊዜ «ወደፊት» ይላል፤ ያለፈውን ደግሞ «በፊት»። የሚመጣውን «በኋላ» ይላል፤ ያለፈውን ደግሞ «ወደ ኋላ» ተመልሶ ያስታውሳል። ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች አሉ። «ወደፊት» ስንል እኛ ራሳችን መንገደኞች ነን፣ ጊዜ ከፊታችን የተዘረጋ መንገድ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ስንል ግን ቀኖቹ እንደ ሰው ተሰልፈው ያልፋሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ከፊት ነው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ከኋላ። በሚቀጥለው ቀን ሦስት ተማሪዎችን ዳቦ ቤት በር ላይ እንደሚቆሙ አሰለፍኳቸው። የመጀመሪያው «ትናንት»፣ ቀጣዩ «ዛሬ»፣ የመጨረሻዋ «ነገ»። «ከዛሬ በፊት ማን አለ?» ስል የመሐሉ ልጅ ከፊቱ ያለውን ትከሻ ነካ፤ «ትናንት!»። «ከዛሬ በኋላስ?» ስል ዞሮ አየ። ከዚያ ወዲህ «በፊት»ን ለማስተማር እጄን ወደ ኋላ ልኬ አላውቅም።

ውጭ ስትሄዱ ይህ ጉዳይ ይበረታል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ የአይማራ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስላለፈው ሲናገሩ ወደ ፊታቸው፣ ስለሚመጣው ሲናገሩ ወደ ኋላቸው እንደሚጠቁሙ ራፋኤል ኑኔዝና ኢቭ ስዊትሰር እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል፤ ያለፈው የታየ ነው፣ የሚመጣው ግን አይታይም። በቻይንኛ ያለፈው ወር «የላይኛው ወር»፣ የሚመጣው «የታችኛው ወር» ይባላል። ስለዚህ የግስ ጊዜ ከማስተማራችሁ በፊት ተማሪዎቹ «ትናንት»ን በእጃቸው የት እንደሚያስቀምጡ አይታችሁ ጀምሩ።

በተግባር እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። አዲስ ክፍል ስገባ በመጀመሪያው ሰዓት እጄን አስተዋውቃለሁ። «ስሙ»፣ «ድገሙ»፣ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ»፣ «አቁሙ»፣ «ራስህ አርመው»፤ አምስት ምልክት ይበቃል። ቃሉን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ምልክቱን አሳያለሁ፣ «በእናንተ አገር ይህ እጅ ምን ማለት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነውር የሆነ ካለ እነሱ የሚመቻቸውን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያን ምልክት ዓመቱን ሙሉ አልቀይርም። ምልክት በየቀኑ የሚቀያይር መምህር በየቀኑ ስሙን እንደሚቀያይር ሰው ነው። ለምትሄዱበት አገር ልጆች ደግሞ መምህር መሆን ደስ ይላቸዋልና አስተምሩን በሏቸው፤ የመጀመሪያ ሳምንት የቤት ሥራ «ሳይናገሩ የሚባሉ አምስት ነገሮች» ቢሆን ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ በስልካችሁ ቅረጹና ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። እኔ የራሴን ሳይ ተማሪ ሊመልስ ሲያስብ ጣቶቼን ሳላውቀው ቶሎ ቶሎ እንደማርገበግብ አየሁ። «ና፣ ና፣ ና» ነበር የምለው። አሁን ሳስጠይቅ ጠመኔውን በሁለት እጄ እይዛለሁ።